ማንም ያልሰጠን ቀኖና

ሻይ ያለ ስኳር ስጠጣ ያየ ሰው ሁሉ ያዝንልኛል። «ስኳር አለብሽ እንዴ?» ይለኛል፣ ከንፈሩን እየመጠጠ። የለብኝም። ሐኪም ቤት ሄጄ ተመርምሬ፣ ደህና ነሽ ተብዬ፣ ወረቀቱን ለጎረቤት ሁሉ አሳይቻለሁ፤ የሚያምነኝ ግን የለም። ባለቤቴ ደርቤ እንኳ ከተጋባን አሥር ዓመት አልፎን፣ አሁንም አንዳንዴ ይረሳና ሁለት ማንኪያ ጨምሮ ያቀርብልኛል። እኔም ለልጃችን አሳልፌ እሰጣታለሁ። ምክንያቱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት ልጄ አንድ ጥያቄ ባትጠይቀኝ ኖሮ አሁንም አልናገረውም።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ደባርቅ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ አንድ ክፍል የኪራይ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ ሰብስቤ የሆቴል ምግብ አብሳይ ነበር። ተራራ ሊያዩ ለሚመጡ ፈረንጆች ሾርባና ስፓጌቲ ይሠራል፤ ጉዞ ሲገኝ ደግሞ ዕቃውን በበቅሎ አስጭኖ ተራራው ላይ ጨነቅ እስከሚባለው ሰፈር ይወጣና ብርዱ ላይ ድንኳን ውስጥ ያበስልላቸዋል። በግራ እጁ ጀርባ ላይ የፈላ ዘይት የተወበት፣ የባቄላ ቅጠል የሚያህል ጠባሳ ነበረው። በጾም ቀን ለፈረንጅ የፍስክ ሲሠራ አይቀምስም፤ ጨዉን የሚለካው በአፍንጫው ነው። «ጨው የጎደለው ወጥ ሽታው ይሰንፋል» ይለኝ ነበር። እኔም አምኜው ቀረሁ። እስከ ዛሬ ወጥ ስሠራ ጎንበስ ብዬ አሸታለሁ፤ እስከ ዛሬም ምንም ገብቶኝ አያውቅም።

እናቴ አልጣሽ እዚያው ሆቴል አንሶላ ታጥብ ነበር። ታናሽ ወንድሜን ሚናስን ስትወልድ ሥራውን ተወችው፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችን የቆመው በአባቴ ደመወዝ ብቻ ነው። ደመወዙ የሚቀመጠው በእናቴ አሮጌ ነጠላ ውስጥ ነበር። በአንደኛው ጫፍ የቤት ኪራይ፣ በሁለተኛው የእህልና የወፍጮ፣ በሦስተኛው የጋዝና የሳሙና፣ በአራተኛው ደግሞ የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበር ገንዘብ ይቋጠራል። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ማዛወር በእናቴ ዘንድ ከስርቆት አይለይም። «የኪራይ የኪራይ ነው፤ የእህል የእህል ነው» ትላለች። ነጠላዋን አጣጥፋ ከአልጋው ራስጌ ስታስቀምጣት፣ አራቱ ቋጠሮዎች ወደ ውጭ ወጣ ወጣ ብለው፣ እግሯን ሰብስባ የተኛች ግልገል ትመስለኝ ነበር።

በ1990 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ጦርነት ተጀመረ ተባለ። ጦርነቱ ያለው ሩቅ ነው፤ እኛ ጋ የደረሰው በሆቴሉ በር በኩል ነው። ፈረንጆቹ ጠፉ። ክረምቱ ገባ፣ ጉሙ ከተማውን ሸፈነው፣ ከዚያ ፍልሰታ ደረሰ።

ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው። በየቀኑ እንጾማለን፣ በየቀኑ እንቆርባለን። ቅዳሴው የሚገባው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት እህል ውሃ የቀመሰ ልጅ አይቆርብም። ይህን የማያውቅ ልጅ ደባርቅ ውስጥ የለም። እኔም አሳምሬ አውቅ ነበር።

አባቴ ከሥራ ሲመጣ የሚያመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። የሆቴል ትራፊ ይዞ መውጣት ክልክል ስለሆነ፣ ፈረንጆች ሻያቸው አጠገብ ትተውት የሄዱትን፣ በወረቀት የተጠቀለለ ባለ አራት ማዕዘን ስኳር ነው። ሁለት ፍሬ። መዳፌ ላይ ያደርገውና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጥፎ ይዘጋዋል። «ለእናትሽ አትንገሪ» ይለኛል። እናቴ ካገኘችው ለእንግዳ ብላ ጣሳ ውስጥ ትጨምረዋለችና። እኔም አንዱን በልቼ አንዱን ከፍራሹ ሥር እደብቅ ነበር።

የፍልሰታ አሥረኛ ቀን ጠዋት ዝናቡ አልቆም ብሎ፣ እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ፣ ሚናስ ተኝቶ፣ እኔ ርቦኝ ተቀምጫለሁ። ከፍራሹ ሥር የቀረኝን የመጨረሻውን ስኳር አወጣሁት። በምላሴ ጫፍ ብቻ ልነካው ነበር ያሰብሁት። ነካሁት። አንድ ጊዜ ደገምሁት። ከዚያ ወረቀቱ ብቻ እጄ ላይ ቀረ።

አልቆርብም ብል እናቴ ለምን ትለኛለች። ስለዚህ እንደ ሁልጊዜው ከልጆቹ ጋር ተሰለፍሁ። ያቆረቡን የንስሐ አባታችን መምሬ ይግዛው ነበሩ። ተራዬ ሲደርስ ጎንበስ ብለው ፊቴን አፍጥጠው አዩኝ፤ በጣም ረጅም ጊዜ አዩኝ። ቆረብሁ፣ አፌን በነጠላዬ ሸፈንሁ። ስኳሩ ከንፈሬ ላይ እንደሚታያቸው እርግጠኛ ነበርሁ።

ትልቅ ሰው ከሆንሁ በኋላ ነው የገባኝ። የመምሬ ይግዛው ዓይን በሞራ ተይዞ ነበር። የሁሉንም ሰው ፊት እንዲያ ነበር የሚያዩት፣ አፉ የት እንዳለ ለማግኘት።

ከአራት ቀን በኋላ አባቴ በጠራራ ቀን ከሥራ መጣ። ጠራራ ማለቴ ለሰዓቱ ነው እንጂ ዝናብ ነበር። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ሚናስን እያባበልሁ ነው። እናቴ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች።

«ግማሹን?» አለች።

«ግማሹን። እንግዳ እስኪመጣ ነው ብለዋል።»

«ኪራዩ አይነካም። ከእህሉ ልቁረጥ ወይስ ከጋዙ?»

«ማኅበሩን እንተወው።»

«ምነው ሰብስቤ፤ ማኅበር የተወ ሰው ምን ነካው መባሉ አይቀርም። በገዛ እጃችን ገመናችንን አደባባይ እናውጣው?»

ከዚያ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ፤ ድምፃቸው ግን አይደርሰኝም። ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ሁለት ቃል ብቻ ሰማሁ። አንዱ «ልጅቷ» ነው። ሌላው «ቀኖና»። አባቴ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ለእኔ ከዚህ በላይ የሚያስፈልገኝ ነገር አልነበረም። መምሬ አውቀዋል፣ ለእናትና አባቴ ነግረዋቸዋል፣ ቀኖናዬ፣ የንስሐ ቅጣቴ፣ ተቆርጧል።

ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ጾሙ ተፈታ። ከአጥር ማዶ ከእትዬ ሸጊቱ ቤት የዶሮ ወጥ ሽታ ይመጣል። እትዬ ሸጊቱ የእናቴ የማኅበር እኅት ናት፤ እጇ የሰፋ፣ ዓይኗ ግን የሰላ ሴት ነበረች። እኛ ቤት እናቴ ጎመንና ንፍሮ አቀረበች።

«እማዬ፣ ጾሙ ተፈታ እኮ።»

«የኛ አልተፈታም።»

«ለምን?»

«መምሬ ቀኖና ሰጥተውናል። አርባ ቀን።»

«ለማን ነው የሰጡት?»

«ለሁላችንም።»

«ምን አጥፍተን?»

እናቴ አባቴን አየችው። አባቴ እኔን ሳያይ፣ ዓይኑን ንፍሮው ላይ ተክሎ መለሰልኝ። «ቀኖና አይጠየቅም ልጄ፤ ለሰው አይወራምም። ከተወራ ጾሙ ጾም አይሆንም።»

በእኔ ምክንያት እናትና አባቴ ጦማቸውን ሊያድሩ ነው፣ እኔን ላለማሳፈርም ስሜን እንኳ አይጠሩም። እንዲህ ነበር የገባኝ። እንዲያ ወድጃቸው አላውቅም፤ እንዲያም ፈርቼ አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁርስ ቀረ። እህል የምንቀምሰው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። እናቴ ገብሱን በጣሳ ትሰፍራለች፤ መጀመሪያ ሙሉ ጣሳ፣ ከዚያ ጎደል፣ ከዚያ ጣቷን ከውስጥ ምልክት አድርጋ እስከ ጣቷ ድረስ። ለራሷ ስታቀርብ «ሆዴን ነፍቶኛል» ትልና የእሷን ድርሻ ለእኔና ለአባቴ ታካፍላለች። አባቴ ደግሞ «ሆቴል ቀማምሻለሁ» ይልና የእሱን ወደ እኔ ይገፋዋል። በጾም የማይቀምስ ሰው መሆኑን ረስቼው አይደለም። ለእኔ ብሎ ሲዋሽ ሌላ ኃጢአት እየጨመረ መሰለኝ፤ ስለዚህ እኔም ከድርሻዬ ግማሹን ለእናቴ መመለስ ጀመርሁ። አንድ እፍኝ ንፍሮ እንዲያ ስትዞር ትቀዘቅዛለች።

ቀኖናው ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ በየጠዋቱ ከጓሮ አርባ ስግደት እሰግዳለሁ። ከበሩ ኋላ ግድግዳው ላይ በከሰል ቀኑን እመዘግባለሁ። በእንቁጣጣሽ ከልጆቹ ጋር አደይ ይዤ እትዬ ሸጊቱ ቤት ስንደርስ፣ ዳቦ በቅቤ ቀብታ አቀረበችልን። ሌሎቹ ተሻሙ። እኔ እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ።

«ምነው አንች? ብይ እንጂ።»

«ጾም ነኝ።»

«በእንቁጣጣሽ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ያ ቃል እንዳመለጠኝ አውቄ ሮጥሁ። ዘወር ስል እትዬ ሸጊቱ ሳህኑን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

መስከረም ሃያ አርባው ሞላ። የከሰሉን ምልክት ሁለት ጊዜ ቆጠርሁት። ያን ቀን ከሰዓት ደስታዬ አላስቀምጥ ብሎኝ መሶቡ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። እናቴ ንፍሮ ይዛ መጣች።

«አርባው አለቀ እኮ፣ እማዬ።»

ንፍሮውን መሶቡ ላይ አስቀመጠች። «መምሬ ጨምረውበታል» አለችኝ።

ለምን እንደጨመሩበት ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አላስፈለገኝም። ኃጢአቴን አልተናዘዝሁም። ሌላው ይጾምልኛል፣ እኔ ምላሴን ይዤ ተቀምጫለሁ። በዚያ ሳምንት ደግሞ ሚናስ ማልቀስ ተወ። ሌሊት ተቀን ያለቅስ የነበረ ልጅ ዝም ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እኔ ዐመሉ የተሻለው መስሎኝ ነበር። ዛሬ የልጅ እናት ነኝ፤ ሕፃን ማልቀስ ሲተው ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ያን ዝምታም አሁን ድረስ በህልሜ እሰማዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። መምሬ ይግዛው ከጥዱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«መምሬ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። የማን ልጅ ነሽ አንች?»

«የሰብስቤ። ፀጋ ነኝ።»

«የአልጣሽ ልጅ። ደህና ናችሁ ወይ?»

«መምሬ፣ ቀኖናውን እኔ ብቻዬን ልጹመው። ለእነሱ ይፍቱላቸው።»

«የምን ቀኖና ልጄ?»

የሚፈትኑኝ መሰለኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ስኳሩን፣ ምላሴን፣ ሰልፉን፣ ፊቴን ያዩኝን። አርባው ቀን ማለቁንና እሳቸው ሌላ መጨመራቸውን ነገርኋቸው። ጣቶቻቸው መስቀሉ ላይ እየሄዱ እየተመለሱ ሰሙኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትጾሙት?»

«ከነሐሴ ኪዳነ ምሕረት።»

«አባትሽም?»

«አዎ።»

«እናትሽ እያጠባች?»

«አዎ። ሚናስ ግን አሁን ማልቀስ ትቷል።»

መምሬ ከድንጋዩ ተነሡ። መስቀሉን ራሴ ላይ አሳረፉት። ደግመው ሲጨርሱ «የስኳሩን እግዚአብሔር ይቅር ብሎሻል» አሉኝ። «ቀኖናውም ተፈጽሟል።»

«ለእናቴ ልንገራት?»

«አንች አትንገሪ። እኔ መልእክት እልክባቸዋለሁ።»

ወደ ቤት ስመለስ እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም፤ ከዚያ በኋላም አልቀለለኝም።

ከሁለት ቀን በኋላ ቅዳሜ ነበር፤ የገበያ ቀን። ከተማው በሰው ተሞልቷል። እትዬ ሸጊቱና ሦስት የማኅበር ሰዎች፣ ሁለት ስልቻ ገብስ የተጫነ አህያ እየነዱ፣ ቅቤ በቅል፣ እንቁላል በገለባ ይዘው፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አልፈው በራችን ላይ ቆሙ።

«ቤቶች።»

«ቤት ለእንግዳ» አለ አባቴ። ያን ቀን ሥራ አልነበረውም። ጋቢውን ወገቡ ላይ አሸርጦ ወጣ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ስልቻዎቹ ሲገቡ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እናቴ በቤቱ የነበረው ውሃ ብቻ ስለነበር፣ በአራት ብርጭቆ ውሃ አቀረበች፤ እንግዶቹም ጠላ እንደቀረበለት ሰው እየመረቁ ጠጡላት።

«ምነው አልጣሽ» አለች እትዬ ሸጊቱ። «አንድ ጽዋ እየጠጣን፣ አንድ አጥር ተጋርተን። እኛ ሰው አይደለንም ወይ?»

እናቴ ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። እትዬ ሸጊቱም ነገሩን ለማለዘብ ብላ ነው፣ በደግነት ነው፣ ይህን ጨመረች። «ደግሞ መምሬ ‹ቀኖናችሁ ተፈጽሟል በሏቸው› ብለውናል። የምን እንደሆነ አልነገሩን፣ እኛም አልጠየቅናቸው።»

ያን ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አባቴ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። አልተቆጣም። ቢቆጣ እመርጥ ነበር። ፊቱ ላይ ያየሁትን ያኔ ስም አልሰጠሁትም፤ ዛሬ ሀፍረት እንደነበር አውቃለሁ፣ በልጁ ፊት የተዋረደ ሰው ሀፍረት። ከዚያ መጥቶ ራሴን ዳሰሰኝና «ደግ አደረግሽ» አለኝ።

ማታ ገንፎ በቅቤ በላን። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ እንደዚያ ገንፎ የጣፈጠኝ ምግብ የለም። ሚናስ እንኳ ቅቤውን ከእናቴ ጣት ላይ ላሰ። አባቴ መደቡ ጥግ ላይ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል።

«ብላ እንጂ፣ ሰብስቤ» አለችው እናቴ።

«የኔ ገና አልተፈጸመም።»

«ተው እንጂ። በልጆቹ ፊት።»

«አልተፈጸመም አልሁሽ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጠዋት ስነሣ ነጩ የሆቴል ሸሚዙ ታጥፎ አልጋው ላይ ነበር። እሱ ጋቢውን ደርቦ፣ በትሩን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። እኔን ሲያይ ተንበረከከና መዳፌ ላይ ሁለት ስኳር አድርጎ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘጋቸው።

«ለእናትሽ አትንገሪ።»

«የት ልትሄድ ነው?»

«ቆላ ወርጄ ልምጣ።»

ከደባርቅ ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድ በሊማሊሞ ነው፤ ከሊማሊሞ ወዲያ ዋልድባ አለ፣ መነኮሳቱ ያሉበት ገዳም። ስለዚህ የት እንደሚሄድ ገባኝ። ቀኖናዬን ከእኔ ላይ አንሥቶ፣ ለራሱ ወስዶ፣ ዋልድባ ወርዶ ሊጨርስልኝ ነው። እስከ ገደሉ አፋፍ ተከተልሁት። ጉሙ ውስጥ እስኪገባ ቆሜ አየሁት። ያን ጠዋት ደስ አለኝ፣ ኮራሁበት። ለዚህ ነው ራሴን ይቅር ማለት ያቃተኝ።

ያኔ ቆላው ላይ የሰሊጥ አጨዳ ነበር። ደገኛው ሁሉ የሚወርደው ለሰሊጥ ነው። ከእኔ በቀር ይህን የማያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ አልነበረም።

ታኅሣሥ ላይ እንግዳው የሚባል የአምባራስ ሰው መጣ። አብረው ያጭዱ ነበር። ቁጭ በል ቢባል አልቀመጥም አለ፤ እናቴም ያን ስታይ አወቀች። በብብቱ የያዘውን አዳፋ ጨርቅ አውጥቶ ሰጣት።

«ወባ ናት፣ እመቤቴ። ሦስት ቀን ነው የታመመው። ‹ጫፎቹን እንዳታደባልቃቸው› ብሎ አደራ ብሎኛል።»

ጨርቁ አራት ጫፍ ነበረው፤ አራቱም ተቋጥረዋል። እናቴ የመጀመሪያውን ፈታች፤ የኪራይ። ሁለተኛውን ፈታች፤ የእህል። ሦስተኛው ውስጥ ለጋዝና ለሳሙና የሚሆን ሳንቲም ነበረ። አራተኛው የማኅበሩ ጫፍ ነው። እሱን ስትፈታ ገንዘብ የለበትም። በላብ ተጣብቆ አንድ ድንጋይ የሆነ ስኳር ነው የወጣው። እናቴ ስኳሩን ለእኔ ሰጠችኝና ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው።

እኔ አላለቀስሁም። ሰው ሲመነኩስ ፍትሐት እንደሚደገምለት፣ ለዚህ ዓለም እንደሞተ እንደሚቆጠር ዲያቆናቱ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ሬሳ አልመጣም። ስለዚህ አባቴ መንኩሷል፣ ትልልቆቹ የሚያለቅሱት ለዚህ ነው ብዬ ደመደምሁ። እትዬ ሸጊቱ ፊቷን ስትነጭ እያየሁ «አይዞሽ፣ ሲጨርስ ይመጣል» አልኋት። ደረቷ ላይ ለጥፋኝ ረጅም ጊዜ አለቀቀችኝም።

እናቴ ከዚያ ወዲያ ጾም በተፈታ ቁጥር ከገበታው ጥግ ላይ አንድ ጉርሻ ትታ ትነሣለች። ለማን እንደሆነ አትናገርም፤ እኛም አንጠይቅም፣ አንነካውምም። እኔ ደግሞ ቢጫ የለበሰ መነኩሴ ሁሉ ከሊማሊሞ ሲወጣ እሮጥና ግራ እጁን አያለሁ። መስቀል ልሳለም ብዬ እጃቸውን ገልብጬ ያየሁባቸው አባቶች ስንት እንደሆኑ እግዜር ይቁጠራቸው። አንዱ ሽማግሌ «ምን ጠፋብሽ ልጄ?» ብለውኝ ያውቃሉ።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው እውነቱን የሰማሁት። ያኔ ወደ ዳባት ተዛውረናል፤ እናቴ የሰው ልብስ እያጠበች እኔን መምህራን ኮሌጅ አስገብታለች። ለዕረፍት መጥቼ ልብስ ስናሰጣ፣ ስለ ስኳሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኋት። የያዘችው አንሶላ ከእጇ ወደቀ።

«እኔኮ ርቦሽ ለመምሬ የተናገርሽ ነበር የመሰለኝ» አለችኝ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ልጄን አስርቤ፣ ችላ ችላ ሲያቅታት ተናገረች እያልሁ...»

«ቀኖናውስ፣ እማዬ?»

«የምን ቀኖና? እህል አለቀብን። ለልጅ አጣን ብትይው ለሰው ይናገራል፤ ጾም ነው ብትይው ይጾማል። በጾም ያፈረ ሰው የለም ብለን ነው፣ እኔና አባትሽ።»

አንሶላውን አንሥተን እንደገና አጠብነው። መምሬ ይግዛው ኑዛዜዬን ለማንም ሳያወጡ ከአንድ ዓመት በፊት ዐርፈው ነበር። ሚናስ አድጎ ዛሬ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ሻይው ውስጥ አራት ማንኪያ ነው የሚጨምረው። እኔ ግን እውነቱን ካወቅሁም በኋላ መናኸሪያ ቆሜ መነኩሴ ሲያልፍ ዓይኔ ወደ ግራ እጁ ይሄዳል። እንዳይሄድ ብከለክለውም እምቢ ይለኛል።

ዛሬ ተመልሼ ደባርቅ ነኝ፤ ሕፃናት አስተምራለሁ። ደርቤ ጨነቅ ለሚወጡ ተጓዦች በቅሎ ያከራይ ነበር። ያለፉት ዓመታት ጦርነት ተጓዡን ሲያጠፋው በቅሎዎቹን አንድ በአንድ ሸጥናቸው። የቀረን የእኔ ደመወዝ ነው፤ እሱም ተማሪው ሲቀንስ አብሮ ቀነሰ። ክረምቱን ከእጅ ወደ አፍ ገፋነው። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ሳላስበው ነጠላዬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጫፉን መቋጠር ጀመርሁ። ደርቤ አየኝና ወጥቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደጋግሞ ስለ ሰሊጥ ያወራል።

ባለፈው ሳምንት ፍልሰታ ተፈታ። እኔ ድንች ወጥና ዳቦ አቀረብሁ። ስምንት ዓመት የሞላት ልጄ ጤናዬ ገበታውን አየችው፣ ከአጥር ማዶ የሚመጣውን አሸተተች።

«ጾሙ አልተፈታም እንዴ፣ እማዬ?»

ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። አንድ ቃል ናት፤ ልጅ አትጠይቅም፣ ሰው አይሰማም፣ ገመና ይሸፈናል። ልናገረው አፌን ስከፍት መደቡ ጥግ ላይ እጁን አጣምሮ የተቀመጠውን ሰው አየሁት። ጾም በተፈታ ቁጥር አየዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ቀና ብሎ ያየኝ መሰለኝ።

«ተፈቷል» አልኋት። «የኛ ጾም አይደለም፣ ጤናዬ። ገንዘብ አጥሮን ነው። የማንም ጥፋት አይደለም፤ ያንችም ጥፋት አይደለም።»

ደርቤ እጁን ከገበታው ላይ አነሣ። ጤናዬ ዳቦዋን እያላመጠች አሰበችበት።

«ለሰው ይነገራል?»

«ይነገራል።»

«ለእትዬ ሸጊቱም?»

እትዬ ሸጊቱ አሁን አርጅታለች፤ ያን አጥር ግን አልለቀቀችም። «ለእሷም» አልኋት።

ጤናዬ የቀረውን ዳቦ አፏ ውስጥ ከታ በሩን በርግዳ ወጣች። ደርቤ ብድግ አለ። ልጅቷን ሊመልስ ይሁን ወይም እሱ ራሱ ሊሄድ አላወቅሁም፤ ዓይኑ ግን በሩ ላይ፣ በትሩ በተደገፈበት በኩል ነበር። እጁን ያዝሁት። ሊያስለቅቀኝ ሞከረ፣ አጥብቄ ያዝሁት። አጠገቤ ተመልሶ እስኪቀመጥ ድረስ አለቀቅሁትም።